«ፋብሪካ ውስጥ ዝጌ ልቀር ነው»

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ እንዴት ነሽ። 29 ዓመቴ ነው፣ ሜካኒካል ኢንጂነር ነኝ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ገላን አካባቢ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሜንቴናንስ ክፍል ነው የምሰራው። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ሰርቪስ እይዛለሁ፣ ማታ ስገባ እጄ ግሪስ በግሪስ፣ ደሞዙ ደግሞ ወር አያደርስም። አብሮኝ የተማረ ልጅ ውጭ ማስተርሱን ጨርሶ ፕራይቬት ኢኩቲ ገባሁ ብሎኝ ቁጭ አልኩ፣ ካምፓኒ ይገዛሉ ይሸጣሉ አለኝ። እኔም ስራህን ልቀቅና ኤምቢኤ (የቢዝነስ ማስተርስ) ጀምር እያለኝ ነው ልቤ፣ ወይስ ሲኤፍኤ የሚሉት የኢንቨስትመንት ተንታኞች ሰርተፍኬት ይሻላል? ቬንቸር ካፒታልስ? እናቴ ስነግራት «ኢንጂነር ብዬ ያስተማርኩህ ልጅ ደላላ ልትሆን ነው?» ብላ ይኸው አኩርፋኛለች።
(መ. ነኝ ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ እናትህ ያን ያህል አልተሳሳቱም እኮ። ልዩነቱ ደላላ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ዞር ይላል፣ የፕራይቬት ኢኩቲ ሰዎች ግን የሰው ገንዘብ ሰብስበው (የጡረታ ፈንድ፣ የልማት ባንክ፣ ሀብታም ቤተሰብ ምናምን) የካምፓኒውን ድርሻ ገዝተው ቦርድ ላይ ቁጭ ብለው አራት አምስት ዓመት አብረው ይለፋሉ፣ ከዛ ሸጠው ይወጣሉ። ፈንዱ፣ ማለትም የተሰበሰበው ገንዘብ፣ ብዙ ጊዜ የ10 ዓመት ዕድሜ አለው፣ የተለመደው ክፍያ በዓመት ከፈንዱ 2 ፐርሰንት ለማስተዳደሪያ፣ ከትርፉ ደግሞ 20 ፐርሰንት ነው። ጓደኛህን ያማረው ሃያው ይሆናል፣ እሱ ግን ለጀማሪ አይደርስም፣ ቢደርስም ከዓመታት በኋላ ነው።

ቬንቸር ካፒታል የዚህ ታናሽ ወንድም ነው፣ ገና ጥርስ ያላወጣ ስታርታፕ ላይ ነው ገንዘቡን የሚረጨው፣ አብዛኛው ይከስርና አንዱ ሁሉንም ይክሳል። ባይገርምህ ኢንጂነር ለዚህ ስራ እንግዳ አይደለም፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 ክላይነር ፐርኪንስ የሚባለውን የቬንቸር ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ዩጂን ክላይነር እንዳንተው ሜካኒካል ኢንጂነር ነበር፣ መጀመሪያ ግን ከጓደኞቹ ጋር የሴሚኮንዳክተር (የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ) ፋብሪካ መሥርቷል።

አሁን ወደኛ አገር እንምጣ። ገንዘቡ መጥቶ ያውቃል፣ የ77ቱ ረሃብ ጊዜ ለኛ ዘፈን ያዘፈነው ቦብ ጌልዶፍ በኋላ 8 ማይልስ የሚባል ፈንድ ሊቀመንበር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2013 አዋሽ ወይን ውስጥ ገባ፣ በዓመቱ ደግሞ ኬኬአር የሚባለው የአሜሪካ ግዙፍ የፕራይቬት ኢኩቲ ድርጅት ዝዋይ ያለው አፍሪፍሎራ አበባ እርሻ ላይ ገንዘቡን አፈሰሰ። ግን እዚህ ቢሮ ያላቸው ፈንዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ አንዱ ቢሮ ውስጥ ያለውም ሰው እንደዛው፣ ስለዚህ ስራ ለቀህ በር በር እያንኳኳህ የምትኖርበት መስክ አይደለም።

ደግሞ የምንዛሪውን ነገር አስበው። ዶላር 57 ብር አካባቢ እያለ 1 ሚሊዮን ዶላር ያስገባ ሰው 57 ሚሊዮን ብር ገዛ ማለት ነው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በጥቂት ሳምንት 100ን ዘለለ፣ 114 በገባ ቀን ካምፓኒው በብር እጥፍ ሆኖ እንኳ ባለገንዘቡ ወደ ዶላር ሲመልሰው ያው 1 ሚሊዮን ነው፣ ትርፉ ባዶ። መውጫውም ጠባብ ነው፣ ገዢ ፈልጎ ማግኘት ነበር ዋናው መንገድ፣ አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያው እንኳን ገና ጥር 2017 ነው የተከፈተው።

ታዲያ አንተን ለምን ይፈልጉሃል? አንድ ነገር ልንገርህ። የሂሳብ ሰው ሆኜ በምሰራበት ጊዜ ድርሻ ሊገዙ ከመጡ ሰዎች ጋር አንድ ፋብሪካ ሄጄ ነበር፣ ስሙ ይቅር። ወረቀቱ ላይ ሶስት የማምረቻ መስመር አለ፣ እኛም ገብተን ቆጠርን፣ ሶስት። አብሮን የነበረ ኢንጂነር ግን ሶስተኛውን ማሽን ዞሮ ከፈት አድርጎ አየና ዝም ብሎ ወጣ፣ መኪና ውስጥ ነው የነገረን፣ ለካ ሞተሩም ጊርቦክሱም ተነቅሎ ለሁለቱ መለዋወጫ ሆኗል፣ ቀፎው ነው የቆመው። እኔ ሶስት ቀን ኤክሴል ላይ ሳሰላው የነበረው ምርት ሲሶው የለም ማለት ነው። ያንን ዓይን ኤምቢኤ አያስተምርም፣ አንተ ግን በግሪስ ከፍለህበታል።

የጎደለህ የብር ቋንቋ ነው። እሱን ደግሞ ደሞዝ እየበላህ እዛው ተማር፣ ፎቅ ላይ ወዳለው ፋይናንስ ክፍል ውጣና አካውንታንቷን ቡና ጋብዛት፣ የትርፍና ኪሳራውን፣ የሀብትና ዕዳውን፣ የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን መግለጫ እንድታስነብብህ። ትርፍ እያሳየ ካዝናው ባዶ የሆነ ፋብሪካ እንዴት እንደሚኖር ሲገባህ ግማሹን ጨረስክ። ኤምቢኤ ካማረህ በማታ፣ ሲኤፍኤ ጥሩ ነው ግን ሶስት ደረጃ ነው፣ ለያንዳንዱ ወደ 300 ሰዓት ጥናት ይመከራል፣ አክሲዮን ለሚተነትን ሰው ነው ይበልጥ የሚያደላው፣ አንተን የሚያጣድፍህ ነገር የለም።

ከዛ የጎን በር ፈልግ። ልማት ባንክ የፕሮጀክት ብድር ሲገመግም ኢንጂነር ያስፈልገዋል፣ ማሽኑ በዚህ ዋጋ ይህን ያመርታል ወይ የሚለውን የሚመልስ ሰው። እዛ ሁለት ሶስት ዓመት የሰው ፋብሪካ እየገመገምክ ከቆየህ ፈንዶቹ ጋር የምታቀርበው ሲቪ ሌላ ነው። ቬንቸሩን ለጊዜው ተወው ባይ ነኝ፣ እዛ ሶፍትዌር ነው የሚበዛው፣ ያንተ ሀብት ብረት ነው።

የቤት ስራ ልስጥህ። ፋብሪካችሁ ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚቆመውን ማሽን ምረጥ፣ አንድ ሰዓት ሲቆም ስንት ብር እንደሚጠፋ አስላ፣ የጠፋውን ምርት፣ ቆሞ የሚከፈለውን ሰራተኛ፣ ተመልሶ ሲሞቅ የሚበላውን መብራት ሁሉ ጨምረህ፣ ከዛ አዲስ ቢገዛ በስንት ዓመት ወጪውን እንደሚመልስ በአንድ ገጽ ጽፈህ ላክልኝ፣ አየዋለሁ። ለእናትህም ስራ እንዳልለቀቅክ ዛሬውኑ ንገራቸው።