መልስ፦ ፎርማት ከማስደረግህ በፊት

ወንድሜ፣ የቤታችሁን ኮምፒውተር ፓስወርድ ረስተህ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለው ሠሪ "ያለ ፎርማት አይከፈትም" ብሎሃል። አትቸኩል፣ ፎርማት በውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ የእህትህ ሠርግ ፎቶ ደግሞ እዚያው ነው ብለሃል።

መጀመሪያ ከታች በስተቀኝ ያለውን የቋንቋ ምልክት እይ። እኔ አንዴ ሁለት ቀን ስታገል ከርሜ፣ ለካ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነበር! የዓይኗን ምልክት ተጭነህ የምትጽፈውን አረጋግጥ።

በኢሜይል የምትገባ ከሆነ ፓስወርዱን ከስልክህ የማይክሮሶፍት ገጽ ላይ ቀይረው፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ከዋይፋይ ጋር አገናኝ፣ አለዚያ አዲሱን አይቀበልህም። አካውንትህ ያለ ኢሜይል የተከፈተ ከሆነና ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ የደኅንነት ጥያቄዎች ሞልተህ ከነበረ፣ አንዴ ስትሳሳት "ሪሴት ፓስወርድ" ይመጣልሃል።

ይህም እምቢ ካለ ሠሪው ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ፎቶውን መጀመሪያ ይገልብጥልህ። ዲስኩ በቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስክ በሚቆልፍበት ዘዴ) ከተቆለፈ ግን ባለ 48 አሃዙ ቁልፍ የግድ ነው፤ በማይክሮሶፍት አካውንትህ ውስጥ ፈልገው።