ለራስሽ ሠርግ ካርድ ስትሠሪ «እሑድ» የምትለዋን ቃል አታውጪ

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የ2016 ዓ.ም. ጥር መጣብኝ። «ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ፤ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. አገባለሁ፤ የጥሪ ካርዱንም ቀሚሱንም ራሴ ልሥራ ወይስ ለሰው ልስጥ? እጮኛዬ ለሰው ስጪ ይለኛል» ብለሻል። እጮኛሽ እንደ ባለቤቴ ከሆነ ሥራሽን ንቆ አይደለም፤ ሌሊት ሌሊት ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠሽ ሲያይሽ ሠርጉ ሳይደርስ ታልቂብኛለሽ ብሎ ፈርቶ ነው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች «በጀት ያዢ፣ ቀድመሽ ጀምሪ» ብለዋል። ይህን የማያውቅ የለም። እኔ የማወራሽ ዋጋ ያስከፈለኝን ነው።

1. ካርዱን ራስሽ ሥሪው። ስምሽ ሌላ ሰው በሠራው ካርድ ላይ ታትሞ ካየሽ ዕድሜ ልክሽን የፊደሎቹን ክፍተት በዓይንሽ ስታርሚ ትኖሪያለሽ። እኔ ከተማሪነቴ ጀምሮ የምወደው የብራና ሐረግን ነው፤ በድሮ መጻሕፍት መክፈቻ ገጽ ላይ ተጠላልፎ ተጠላልፎ ወደ ኅዳጉ የሚወርደውን ጌጥ። ስምንት ዓመት የሳሙና መጠቅለያና የባንክ በራሪ ወረቀት ስሠራ አንድም ደንበኛ «ሐረግ ሥሪልኝ» ብሎኝ አያውቅም። ለራሴ ሠርግ ግን ደንበኛዋ እኔ ነኝ። ሐረጉን በእርሳስ ስነድፍ፣ ስሰርዝ፣ እንደገና ስነድፍ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ስሞቻችንን እንደ ብራናው በቀይ አወጣኋቸው። የንስሐ አባታችን ካርዱን ተቀብለው አገላበጡና «ልጄ፣ በቀይ የሚጻፈው የቅዱሳን ስም ነው፤ እናንተ መቼ ጸደቃችሁ?» አሉኝ። ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ልክ ነበሩና።

2. ቀሚሱን ለባለሙያው ተዪለት። ጥበቡን በኮምፒውተር ነድፌ፣ በትልቅ ወረቀት አትሜ ሽሮ ሜዳ ይዤ ሄድኩ። ሸማኔው ወረቀቱን ዘቅዝቆም አቅንቶም አየውና «ይህ ክብ በጥልፍ እንጂ በሽመና አይወጣም፤ ድርና ማግ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው» አለኝ። ተከራከርኩት! ሽመና ሲሠራ ያደገን ሰው ስለ ሽመና ተከራከርኩት። እሱ ዝም ብሎ ክር እየቆጠረ የእኔን ኩርባ ደረጃ በደረጃ አወጣው፤ ሲያልቅ ክቤ አልማዝ ሆኗል። ከእኔ ንድፍ ይበልጥ ያምር ነበር። በዚያን ቀን ግን ፊት ለፊት አላልኩትም።

3. ማተሚያ ቤት። ፊደሉን ወደ ቅርጽ ሳትቀይሪ ፋይል አትላኪ ብሎ ለዲዛይነር መንገር ነውር ነው፤ ግን እኔም ዲዛይነር ነበርኩ። የእነሱ ኮምፒውተር እኔ የተጠቀምኩበት የግዕዝ ፊደል (ፎንት) አልነበረውም፤ የመጀመሪያው ናሙና ሲወጣ የአማቼ ስም ስድስት ባዶ ሳጥን ሆኗል። ወርቃማ ቀለምም እንዳያታልልሽ። በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ወርቅ የመሰለው በወረቀት ላይ ሰናፍጭ ነው የሆነው። ወርቅ ከፈለግሽ በሙቀት የሚለጠፈውን ፎይል ጠይቂ፤ ዋጋው ሌላ ነው። እኔ 500 ካርድ በ38 ብር ሒሳብ፣ ማለትም በ19,000 ብር አሳተምኩ፤ ፎይሉን ለስሞቻችን ብቻ አደረግሁት። ቀይና ወርቅ፤ አባታችን ያሉትን ሰምቼ ቀዩን እንኳ አልቀየርኩም።

4. ወረዳ ቀድመሽ ሂጂ። የሁለታችሁም የነዋሪነት መታወቂያ፣ ያላገባችሁ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ከእያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ምስክር። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ በመስኮቱ ወዲያ የምትቀመጠው ሰው ናት። ወረዳውን አልጠራም፤ እዚያው ሰፈር ገና ልጅ ማስመዝገብ አለብኝ። ጥር 2 ቀን አራቱን ምስክሮች ከሥራ አስፈቅደን ወሰድን። ሦስት ሰዓት ጠበቅን፤ በመካከል ሲስተም የለም ተባልን፤ መጣ፤ እንደገና ሄደ። ተራችን ሲደርስ ሴትዮዋ ቀና ሳትል «አንቺ፣ ሥራሽ?» አለች። ዲዛይነር አልኳት። «ልብስ ሰፊ?» አለችኝ። አይደለም፣ የግራፊክ ብዬ ማስረዳት ስጀምር «የግል ሥራ» ብላ ጻፈችና አለፈችው። አሥራ ሁለት ዓመት የተማርኩትና የሠራሁት በሁለት ቃል ተዘጋ።

ቀጥላ ፎቶግራፌን አነሣች። እውነቱን ልናገር፣ ፎቶውን ትንሽ ነካክቼው ነበር። አገጬ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ጠባሳ አለ፤ ለአንድ ቀን ባይኖር ምን አለበት ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ሴትዮዋ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አገጬን እያሳየች «ይህቺ አንቺ አይደለሽም፤ ጠባሳሽ የታለ?» አለች። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። ባለቤቴ ሳቁን ለመደበቅ ሳል አመጣ። ፎቶ ቤት ሄጄ ሌላ ተነሥቼ ተመለስኩ፤ ከነጠባሳዬ።

በመጨረሻ፣ በንዴትም ቢሆን ባሕል ነውና፣ ከቦርሳዬ አንድ ካርድ አውጥቼ ሰጠኋት። ውስጤ ግን «ልብስ ሰፊ ያልሽው ይህን ነው» የሚል ነገር ነበረው፤ አልክድም። ካርዱን ከፈተች። ሐረጉን አላየችም። ቀይ ስሞቹን አላየችም። ጣቷን ከታች ባለው ትንሽ መስመር ላይ አሳርፋ «ይህ ቀን ተሳስቷል» አለች።

አልተሳሳተም አልኳት።

«ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ገናን በ28 አይደለም እንዴ ያከበርሽው? ጥር 12 ጃንዋሪ 21 ነው እንጂ 20 አይደለም።» ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ሳትዞር በእጇ አመለከተችኝ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወውና ነገሩን ላስረዳሽ፤ መልሴን የጻፍኩት ለዚህ ነውና። እኔ ካርዱ ላይ ቀኑን በግዕዝ ቁጥር «ጥር ፲፪ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.» ብዬ ነበር በትልቁ ያስቀመጥኩት፤ ከሐረጉ ጋር እንዲሄድ። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የፈረንጁን ቀን ጻፍኩ። የዕለቱን ስም፣ «እሑድ»ን፣ አወጣሁት። ለምን ትዪኛለሽ? መስመሩን ታስረዝመዋለች፤ ሚዛኑን ታበላሸዋለች። ሦስት ፊደል ናት! እሷ ብትኖር ያነበበ ሁሉ እሑድና 20 እንደማይገጥሙ ያይ ነበር።

ስሕተቱ የመጣው ከስምንት ነው። በጥር ወር በኢትዮጵያው ቀን ላይ ስምንት ስትደምሪ የፈረንጁን ታገኛለሽ፤ ጥምቀት ጥር 11፣ ጃንዋሪ 19። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ እንደ ጸሎት እናውቀዋለን። ነገር ግን ዘመነ ዮሐንስ በየአራት ዓመቱ ከስድስት ቀን ጳጉሜ ቀጥሎ የሚመጣ ዓመት ነው። የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ነበረች፤ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው በሴፕቴምበር 12 ነው። አንድ ቀን ተገፋ ማለት ነው፤ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪን 29 አድርገው እስኪያስተካክሉት ድረስ በጥር የሚደመረው ዘጠኝ ነው። ጥምቀቱም ጃንዋሪ 20 ዋለ፣ ቅዳሜ። እኛ የመረጥነው ቃና ዘገሊላን፣ እሑድን ነበር። ገናን በ28 አክብሬ፣ ዶሮዬን በልቼ፣ ምልክቱ ፊቴ ተቀምጦ አላየሁትም።

የግዕዝ ቁጥር ደግሞ ስንት ሰው ያነባል መሰለሽ? የእናቴ ዕድሜ ጓደኞችና ካህናቱ። ወጣቱ ሁሉ፣ የባለቤቴ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ውጭ ያሉት ዘመዶች ያነበቡት ትንሿን መስመር ነው። ማለትም ለማንበብ የሚያስቸግረውን ልክ አድርጌ፣ የሚነበበውን አሳስቼ 500 ጊዜ አሳተምኩ። ከዚያ ውስጥ አራት መቶው ተበትኗል።

አሥር ቀን ቀርቶናል። እኔ ማስተካከያ ካርድ ነድፌ ላሳትም አልኩ፤ ባለቤቴ «አሁንስ በቃሽ» ብሎ ስልኩን አስያዘኝ። ለሦስት ቀን ስንደውል ዋልን። ለትልልቆቹ ግን በስልክ አይነገርም፤ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በየቤቱ እንደ አዲስ ዞረች። አንድ ጊዜ አብሬያት ነበርኩ፤ በር ላይ ቆማ «የልጄ ኮምፒውተር ነው የተሳሳተው» ስትል ሰማኋት። ኮምፒውተሩ ምን አደረገ? ያልኩትን ነው የጻፈው። ግን ዝም አልኩ።

አክስቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ ሰኞ ሥራ ስለሚጠብቃት ቅዳሜ ሌሊት ለመመለስ ትኬት ቆርጣ ነበር፤ ከሠርጉ በቀጥታ ወደ ቦሌ ብላ። ትኬቱን ለማስቀየር የከፈልነው ከካርዱ ማሳተሚያ በለጠ። መልሱን ግን አላየችም። የባለቤቴ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ደግሞ ስልካችን ሳይደርሳቸው ቅዳሜ ዕለት፣ መንገዱ በታቦት ተዘግቶ፣ በእግራቸው እያቆራረጡ ስጦታቸውን ታቅፈው አዳራሹ በር ድረስ ሄደዋል። ጥበቃው «ዛሬ ጥምቀት ነው፤ ማን ነው የሚያገባው?» አላቸው። እስከ ዛሬ ባገኙኝ ቁጥር «ስንተኛው ቀን ነው ዛሬ?» ይሉኛል።

ሴትዮዋን ይቅር አላልኳትም፤ «ልብስ ሰፊ» ያለችውንም፣ አገጬን በእስክሪብቶ ማሳየቷንም። እሷ ባትኖር ግን ሠርጌ ላይ ግማሹ ወንበር ባዶ ይሆን ነበር። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን ላይ ሁለቱም ቀኖች ልክ ናቸው። ወረቀቱ በጣም አስቀያሚ ነው፤ የመስመሮቹ ክፍተት አንዱ ከአንዱ አይገናኝም፤ እንደገና ልሠራላቸው እጄን ይበላኛል።

ስንተኛው ላይ ነበርን? ሰዓቱንም ለውጭ ሰዎችሽ በእነሱ አቆጣጠር ጨምሪበት፤ ከቀኑ 6፡30 ያልሽውን አምሽተው ይመጡበታል። ጽሑፉን ከማተምሽ በፊት ዲዛይን ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ስጪ፤ ጌጡን ሳይሆን ቀኑን የሚያነብ እሱ ነው። ያንቺው ጥር 17 እኔ ቆጥሬዋለሁ፦ ስምንት ደምሪ፣ ጃንዋሪ 25፣ እሑድ ነው። ታናሽ እኅት ካለችሽና በ2020 ጥር ከተዳረች ግን ዘጠኝ ትደምር።

ናሙናው ሲወጣ ላኪልኝ። ሐረግ የምታስገቢበት ከሆነ ጥልፍልፉን ከየት እንደምታስጀምሪው ማየት እፈልጋለሁ።