መልስ፦ ምስማር በማይፈቀድበት አዳራሽ 40 የተማሪ ሥዕል ስለመስቀል

ሰላም ወንድሜ። ጣና ዳር ባለው አዳራሽ ምስማር ክልክል ነው፣ በፕላስተር የለጠፋችሁትም ሲነጋ መሬት ላይ ተገኘ ብለሃል። ጥፋቱ የፕላስተሩ ጥራት አይደለም። ወረቀት ሌሊት ከሐይቁ የሚመጣውን እርጥበት ጠጥቶ ይለጠጣል፣ ቀን ደርቆ ይኮማተራል፤ ይህ ሲደጋገም ሙጫው ይላቀቃል። ክረምት ላይ ደግሞ ይብሳል።

ግድግዳውን ተዉት። 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ሦስት ሦስቱን በማጠፊያ አያይዛችሁ ዚግዛግ አቁሙት፤ ግርጌው ላይ የአሸዋ ከረጢት ይደረግበት። በፊትና በጀርባው በእያንዳንዱ ገጽ ሁለት መካከለኛ ሥዕል ከተሰቀለ 12 ኮምፔንሳቶ 48 ይይዛል፣ ለ40ው ይበቃል። የሥዕሉ መሃል ከወለሉ 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ይዋል። ብዙ ሰው ከፍ አድርጎ ይሰቅልና ተመልካቹን አንገቱን ያሳምመዋል።

የውሃ ቀለምና እርሳስ ሥራዎችን በአራቱም ጠርዝ አትለጥፉ፣ ይጨማደዳሉ። ከላይ ብቻ በሁለት ቀጭን የወረቀት ቁራጭና በስንዴ ዱቄት ሙጫ ወፍራም ካርቶን ላይ ይንጠልጠሉ፤ ታች ነፃ ይሁን። መስታወት ካለ ወረቀቱን አይንካው።

የዘይት ቀለም ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል፤ የመጨረሻ ቀኑን ለልጆቹ ከአሁኑ ንገሯቸው። ያልደረቀ ሸራ ፊት ለፊት ተደርቦ በባጃጅ ከተጫነ ተጣብቆ ይላጣል፣ የወራት ድካም በአንድ መንገድ ይጠፋል። በየመሃሉ የካርቶን ማዕዘን አስገቡ።