«ጫማ አጥቶ ነው የሮጠው?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ11 ዓመት ልጄ በቴሌቪዥን ስለ አበበ ቢቂላ የቀረበ ዝግጅት አይታ «እማዬ፣ ጫማ መግዣ አጥቶ ነው በባዶ እግሩ የሮጠው?» አለችኝ። እኔም እንደዛ ነበር የማውቀው። እውነት ነው? ደግሞስ እንዲህ ያለ ዝግጅት ባየሁ ቁጥር እንባዬ የሚመጣው ለምንድን ነው?
(ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ በእንባሽ እኔም ሳልጠየቅበት አልቀርም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንጀራዬ የቪዲዮ ቅንብር ነበር።

ጫማ ነበረው። ሮም ላይ የቀረበለት ግን አልተመቸውም። በባዶ እግሩ መለማመድ ለምዶ ስለነበር ትቶት ሮጠ። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። ሰውየው የክብር ዘበኛ ወታደር ነው፤ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በደንብ አሠልጥኖታል።

እኛ ምን እንደምናደርግ ልንገርሽ። ተራኪው «በባዶ እግሩ...» ይልና ዝም ይላል። እዛች ላይ ዋሽንት እናስገባለን። ቀጥሎ አቧራ ላይ የሚሮጥ የገጠር ልጅ እናሳያለን። ልጁ አበበ አይደለም፤ ከየትም የተቀረጸ ልጅ ነው። «ጫማ መግዣ አልነበረውም» ያለ ሰው የለም። አንቺ ግን ሰምተሻል።

አክሱም ሐውልት ላይ ሲደርስማ ይብሳል። ጣሊያን የወሰደችው ሐውልት ያኔ ሮም ቆሞ ነበር። አበበ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎት የሄደው እዚያው አካባቢ ነው። ለተራኪው «ሐውልቱን ሲያይ የአባቶቹ ደም ፈላበት» ዓይነት ጽሑፍ ይሰጠዋል። የት ላይ አፈትልኮ እንደሚወጣ ግን ከአሠልጣኙ ጋር መንገዱን አይተው አስቀድመው ቆርጠውት ነበር። ለእኔ ደሙ ከፈላበት አበበ ይልቅ ያ ነገሩን አስልቶ የሮጠው አበበ ይበልጥብኛል። ምን ዋጋ አለው፣ ስሌት ከዋሽንት ጋር አይሄድም።

አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ስለ ጫማው የተናገሩትን 20 ሴኮንድ ቆርጬ ጥያለሁ። ያዘዘኝ የለም። «ስሜቱን ይሰብረዋል» ብዬ ነው።

ለልጅሽ የ1957ቱን የቶኪዮ ውድድር ፈልጊላት። ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ አሸንፏል። ከገባ በኋላ ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን ሲያፍታታ ታየዋለች። እዛ ጋ ስትደርሱ ድምፁን ዝጉት።