አጭር ዓረፍተ ነገር ቀላል ነው ያለው ማነው? በኤአይ ፖርቱጋልኛ ለምትማሩ

ፖርቱጋልኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የንባብ መልመጃቸውን ኤአይ እያስጻፉ ይመጣሉ። በዚህ ላይ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁኝ።

ጥያቄ፦ «ለጀማሪ፣ በኤ1 ደረጃ ጻፍልኝ» እለዋለሁ። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፣ ግን አይገቡኝም። ችግሩ እኔ ነኝ?

መልስ፦ አንተ አይደለህም ወንድሜ። «ኳንዱ ሽጋርሽ፣ ተለፎናም» ማለት «ስትደርስ ደውልልኝ» ነው። ከዚህ በላይ ምን ያጥራል? ግን «ሽጋርሽ» የወደፊት ሰብጀንክቲቭ ነው፣ ገና ያልሆነን ነገር የሚያሳይ የግስ ቅርጽ ማለቴ ነው፤ ግዕዝ የተማሩ ሰዎች ዘንድ አንቀጽ ከሚሉት ጋር ይቀራረባል። ስፓኒሽ እንኳ ከዕለት ንግግሩ ካወጣው ቆይቷል። ኤአይ «አቅልልልኝ» ሲባል ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን ያሳጥራል እንጂ ግሱን አይነካም። ስለዚህ ደረጃ ብቻ አትንገረው። «የአሁን ጊዜና ያለቀ ኃላፊ ጊዜ ብቻ፣ ሰብጀንክቲቭ አታስገባ» በለው። እንዲያም ሆኖ ሾልኮ የሚገባ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሊዝበን ነው። ጽሑፉ ግን የሰፈሬን ሰው አነጋገር አይመስልም።

መልስ፦ ብራዚልኛ እየሰጠሽ ነው እህቴ። ብራዚል ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፣ ፖርቱጋል 10 ሚሊዮን ገደማ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍም ወደዚያው ያደላል። ባቡሩን «ትሬም» ካለው ብራዚል ነው፤ እናንተ ጋ «ኮምቦዩ» ነው። «እየበላሁ ነው» ለማለት ብራዚሎች «እስቶ ኮሜንዱ» ይላሉ፣ ሊዝበን «ሽቶ አ ኩሜር» (የሚረጨው ሽቶ አይደለም)። እኔን የሚያናድደኝ ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ሲደባልቃቸው ነው።

ጥያቄ፦ አማርኛ መቻሌ በሰዋስዉ በኩል ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! «ዳር-ተ-ኤይ» የሚል ቅርጽ አለ፤ «እሰጥሃለሁ» ማለት ነው። «ዳር» መስጠት፣ «ተ» አንተን፣ «ኤይ» ደግሞ «አለኝ» ከሚል የጥንት ረዳት ግስ የመጣ። ተሳቢው መሀል ላይ ተሰክቷል። ሌላው ተማሪ እዚህ ጋ ላቡ ይንጠፈጠፋል። አንተ ግን «እሰጥ-ህ-አለሁ» ስትል ነው ያደግከው! «ፓራ ኢርሙሽ» የሚለውም እንደዚያው ነው። «ኢር» መሄድ ነው፣ «ሙሽ» ደግሞ እኛ፤ የኛው «መሄዳችን» ውስጥ ያለው «-አችን» ማለት ነው። ብቻ «ዳር-ተ-ኤይ» የመጽሐፍ ቋንቋ ነው። መንገድ ላይ «ቮ ዳር-ተ» ነው የሚባለው። ኤአይ ለጀማሪ ጽሑፍ ውስጥ «ዳር-ተ-ኤይ»ን ከጨመረ ሰርዘው።

ጥያቄ፦ ለቢ2 (ከመካከለኛ ከፍ ላለው ደረጃ) እና ከዚያ በላይስ?

መልስ፦ እዚያ ችግሩ ይገለበጣል። ግሱን ሁሉ ስም ያደርገዋል፤ «ወሰኑ» በማለት ፈንታ «ውሳኔ የማሳለፍ ሂደት» ዓይነት። የቢሮ ደብዳቤ ይሆንብሃል።

ጥያቄ፦ ለሲፕሌ እየተዘጋጀሁ ነው። ይበቃኛል?

መልስ፦ ሲፕሌ የኤ2 ፈተና ነው፤ የሚያዘጋጀው የሊዝበን ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ነው። ለንባቡ እሺ። ማዳመጥም አለበት፤ ፖርቱጋሎች ደግሞ አናባቢውን ይውጡታል። ለዚያ ሬዲዮ ክፈቺ።