ጠበሉን ትጠጣው፣ ቁስሉ ግን ውሃ አይንካው

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ አከርካሪዋ ጎብጦ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ብረት ገብቶላታል። አሁን ቤት ነን። እናቴ ጠበል ትጠመቅ፣ ቁስሉም ቅቤ ይቀባ ትላለች። ምን ይሻላል? (እናት፣ ከቡሬ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለቤቷ አበቃልሽ። ቅቤው ለገንፎዋ ይሁን። ጠበሉንም ትጠጣው፤ ቁስሉን ግን እስኪድን ውሃ አይንካው። እናትሽን አታስቀይሚያቸው፣ ራሳቸው ያጠጧት።

በነርስነቴ ይበልጥ የሚያሳስበኝ አነሳሷ ነው። እጇን ይዘሽ እንዳትጎትቻት። ጉልበቷን አጥፋ፣ ትከሻና ዳሌዋ እኩል፣ እንደ ግንድ ተንከባላ በጎኗ ትዙር። ከዚያ እግሯን ከአልጋው እያወረደች በክንዷ ተደግፋ ትነሳ። ተኝታ ብቻም አትዋል። ግቢው ውስጥ ትራመድ፣ በረጅሙ ትተንፍስ፤ ሳንባዋን ከምች ይጠብቃል። ማስታገሻው ሆድ ያደርቃል፣ ውሃና ጎመን አታጓድይባት። ጾም ነው ብለሽም እንቁላል አትከልክያት፤ ቁስል የሚጠግነው ምግብ ነው። ጀሪካን መሸከምና ጎንበስ ብሎ መጥረግ ሐኪሟ እስኪፈቅድ ይቅር።

ትኩሳት ወይም ከቁስሉ ፈሳሽ ካየሽ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰጃት። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝተሽ አትሞክሪ። እግሯ ከዛለ፣ ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካላት ግን ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቂ።