«አስሮጥኩት» ወይስ «አስኬድኩት»? ስክሪፕት ስክሪፕትን ሲያዝ

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ቢሯችን ሁሉም ሰው ማክ ነው የሚጠቀመው። በየሳምንቱ የሚመጡትን ሪፖርቶች ስማቸውን እየቀየረ ፎልደር ውስጥ የሚከት አፕልስክሪፕት (የማክ ትእዛዝ መጻፊያ ቋንቋ ነው፣ የሚጻፈው ፕሮግራም ስክሪፕት ይባላል) ጻፍኩና እሱን ደሞ ሌላው የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን እንዲጠራው አደረግኩ። ለባልደረቦቼ መመሪያ ስጽፍ «አፕልስክሪፕቱን ኮምፓይል አድርጌ ከፓይተን ውስጥ ሆኜ አስሮጥኩት» አልኩ (ኮምፓይል ማለት የተጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው መልክ መለወጥ ነው)፣ አለቃዬ «አጠናቅሬ አስኬድኩት» ብሎ አረመው፣ አንዱ ጓደኛችን ደሞ «አስሄድኩት» ነው የሚባለው ብሎ ተከራከረ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህቴ ሰላም ነኝ ተመስገን። ሦስታችሁም ትንሽ ትንሽ ልክ ናችሁ፣ ግን ዓረፍተ ነገርሽ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያሳቀኝን ነገር አንዳችሁም አላያችሁትም፣ እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ «አስሮጥኩት»ን እንገላገለው። ሩጫ በአማርኛ እግር ላለው ነገር ነው፣ ወይ ደሞ ጉዳይ ሊያስፈጽም ለሚሯሯጥ ሰው። «አስሮጠኝ» ሲባል ከኋላ ውሻ አለ ወይም ጅብ አለ ማለት ነው፣ ስለዚህ «ስክሪፕቱን አስሮጥኩት» ስትዪ እኔ በበኩሌ ዱላ ይዘሽ ስታባርሪው ነው የሚታየኝ። እንግሊዝኛው ሰውንም ማሽኑንም ሱቁንም ውሃውንም በአንድ ግስ፣ በ«ራን»፣ ያስሮጣል፣ እኛ ጋ ግን ሞተር ይነሳል፣ ውሃ ይወርዳል፣ ማሽን ይሰራል፣ መኪና ይሄዳል፣ ሥራም ይሄዳል። ልጆቹ «ራን አደረግኩት» ሲሉም እሰማለሁ፣ እሱ ለወሬ ምንም አይልም፣ ከ«አስሮጥኩት» መቶ እጥፍ ይሻላል፣ ቢያንስ ትርጉሙን ቃል በቃል ጎትቶ አላመጣውም።

አለቃሽ «አስኬድኩት» ያለው ልክ ነው፣ ጥሩ ጆሮ አለው። ቢሮ ውስጥ ከቆየሽ «ሥራ ማስኬጃ» የሚለውን በጀት ታውቂዋለሽ፣ «ሥራ አስኪያጅ»ንማ ማን የማያውቅ አለ፣ ሁለቱም ከዚሁ ግስ የወጡ ናቸው። ማለትም አንድ ሥራ ተጀምሮ እየሄደ እንዲቆይ ማድረግ የሚለውን ሐሳብ አማርኛ ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት ቃል ሰጥቶታል፣ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገንም።

«አስሄድኩት» ያለው ጓደኛችሁ ደሞ ሎጂኩ ገብቶኛል፣ «ሄደ» ከሆነ ለምን «አስሄደ» አይሆንም ነው የሚለው። ምን መሰለሽ፣ የድሮ ሰዎች ሲጽፉ «ኼደ» ነበር የሚሉት፣ ግእዙም ላይ «ኬደ» አለ፣ ትርጉሙ ረገጠ ማለት ነው። ብቻውን ሲቆም ድምፁ ላልቶ ላልቶ «ሄደ» ሆነ፣ ፊቱ «አስ» ሲገባበት ግን የጥንቱ «ከ» እዛው ተደብቆ ቀረ፣ «አካሄድ» ውስጥም ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ «አስሄደ» የሚል ሰው ቢኖርም በጽሑፍ «አስኬደ» ብትዪ ማንም አያርምሽም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። መመሪያሽ ላይ «ይሄ ስክሪፕት አያስኬድም» ብለሽ ከጻፍሽ አንባቢው ሁለት ቦታ ይሄዳል፣ ወይ ስክሪፕቱ ሌላውን ማስኬድ አቅቶታል ማለት ነው፣ ወይ ደሞ በተለመደው አነጋገር ነገርዬው ራሱ አያዋጣም፣ መንገዱ ልክ አይደለም ማለት ነው። አለቃሽ ሁለተኛውን ይዞ ፕሮጀክቱን ሊዘጋው ይችላል። «ስክሪፕቱ አይሰራም» በዪ፣ አለቀ።

አሁን ወደ ሳቄ። «ከፓይተን ውስጥ ሆኜ አስሮጥኩት» አልሽ። «ሆኜ» ስትዪ እኮ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ! ፓይተኑ ሆድ ውስጥ ተቀምጠሽ ትእዛዝ ስትሰጪ ነው የሚመስለው፣ እንደ ዮናስ ማለት ነው። የእንግሊዝኛውን «ከውስጥ» እንዳለ ስናመጣው የሚፈጠር ጣጣ ነው፣ አማርኛ ላይ «ከእንትን ውስጥ» ሲባል አንድ ነገር ከዛ ይወጣል፣ ይነሳል፣ ያለዛ ደሞ ተናጋሪው እዛ ነው ያለው። «ሆኜ»ን ቆርጠሽ «በፓይተን ስክሪፕት አስኬድኩ» ብትዪም አይጠራም፣ ምክንያቱም «በፓይተን» ብለሽ ቆም ካላልሽ «በፓይተን ስክሪፕት አማካኝነት» ይሁን «ስክሪፕትን በፓይተን» ይሁን አይታወቅም፣ ባንቺ ጉዳይ ደሞ ሁለት ስክሪፕት ስላለ ነገሩ የባሰ ይደባለቃል።

ጥያቄው ማን ማንን አደረገ ነው፣ እሱን ደሞ አማርኛ በጣም ይችልበታል። ልብስ ሰፊ ጋ ሄደሽ መጥተሽ «ቀሚስ ሰፋሁ» ብትዪ ሲንጀር ገዛሽ ወይ ትባያለሽ፣ «አሰፋሁ» ነው የሚባለው። «ወጣ»፣ «አወጣ»፣ «አስወጣ» ላይም ደረጃውን ታዪዋለሽ፣ ወጣ ራሱ፣ አወጣ ሌላውን፣ አስወጣ ደሞ ሌላውን አዝዞ። ግን አንድ ቦታ ላይ ያልቃል፣ «አስኬደ» አንዴ «አስ»ን ስለበላ ሌላ «አስ» አይጨመርበትም፣ «አሳስኬድኩት» የሚባል አማርኛ የለም። ያንቺ ሥራ ደሞ ሦስት ፎቅ ነው፦ አፕልስክሪፕቱ ይሄዳል፣ ፓይተኑ ያስኬደዋል፣ አንቺ ፓይተኑን አዘሻል። ሦስተኛውን ፎቅ በ«እንዲ» ነው የምንሰራው፣ «ፓይተኑ አፕልስክሪፕቱን እንዲያስኬደው አደረግኩ»። ጥያቄሽ ላይ እኮ ሳታስቢው «ፓይተን እንዲጠራው አደረግኩ» ብለሻል፣ ስታወሪ ልክ ነሽ፣ መመሪያ ልጻፍ ብለሽ ስትቀመጪ ነው እንግሊዝኛው የገባብሽ።

የእህቴ ልጅ የኮምፒውተር ሰው ነው፣ ያንቺን ጥያቄ ሳነብለት ላፕቶፑን ከፍቶ አሳየኝ። ፓይተን ውስጥ ሰብፕሮሰስ የሚባል ሞጁል (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ) አለ፣ በፈረንጆቹ 2004 ከፓይተን 2.4 ጋር የመጣ፣ በሱ በኩል የማኩን ኦሳስክሪፕት የሚባል ትእዛዝ ትጠሪና እሱ አፕልስክሪፕቱን ያስኬደዋል። ሁለት ዋና ዋና አጠራር አለው አለኝ፣ ፒኦፕን እና ራን፣ ሁለተኛው በ2015 ነው የተጨመረው። በፒኦፕን ስትጠሪው ያንን ፕሮግራም ቀስቅሶ ወደራሱ ሥራ ያልፋል፣ ከፈለግሽ በኋላ መጥተሽ ትጠብቂዋለሽ፣ በራን ከሆነ ግን እስኪጨርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ሲጨርስም በሰላም ከሆነ ዜሮ፣ ካልሆነ ሌላ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። እኔ ደሞ ወዲያው ይሄ እኮ «አስነሳ» እና «አስኬደ» ነው አልኩት። መኪና አስነሳሁ ስትዪ ሞተሩ ተነሳ እንጂ መኪናው ገና የትም አልደረሰም። ስለዚህ መመሪያሽ ላይ ለፒኦፕኑ «ያስነሳዋል»፣ ለራኑ «አስኬዶ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል» ብትዪ ኮዱን ያላየ ሰው እንኳን ልዩነቱ ይገባዋል።

«አጠናቀረ» ላይ ግን ከአለቃሽ ጋር አልስማማም። ጥንቅር እኛ ጋ ከዚህም ከዚያም የተሰበሰበ ነገር ነው፣ የዜና ጥንቅር እንደምንለው። እርግጥ የእንግሊዝኛው ቃልም ሥሩ መሰብሰብ ነው፣ አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ሊቅ ግሬስ ሆፐር በፈረንጆቹ 1952 አካባቢ ኤ ዜሮ የሚባለውን ኮምፓይለር (ኮምፓይል የሚያደርግ ፕሮግራም) ስትሰራ ተዘጋጅተው የተቀመጡ ቁርጥራጭ ፕሮግራሞችን እየሰበሰበ የሚያገጣጥም ስለነበር ነው ስሙ የወጣለት። ዛሬ ኮምፓይለር በዋናነት የሚሰራው ግን ትርጉም ነው። ልጁ እያየሁት ኦሳኮምፓይል በሚባለው ትእዛዝ አንዷን አፕልስክሪፕት ኮምፓይል አደረጋት፣ የወጣውን ፋይል በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ሲከፍተው ድንጋይ ላይ የተጫረ የሚመስል ነገር ነው፣ በማኩ ስክሪፕት ኤዲተር ሲከፍተው ግን ጽሑፉ ተመልሶ መጣ! (ለማስኬድ ብቻ ብለሽ ካስቀመጥሽው አይመጣም አሉ።) እንደውም አፕልስክሪፕት በ1993 ሲወጣ ሰሞን ከእንግሊዝኛ ሌላ በፈረንሳይኛና በጃፓንኛም የሚጻፍበት ነገር ነበረው፣ በኋላ ቀረ። ጃፓንኛ እንደኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው፣ ስለዚህ አማርኛም አይከብደውም ነበር እያልኩ ስቆጭ አመሸሁ፣ ግን ያኔ ደሞ ኮምፒውተሩን እንደ ወንድ ነው እንደ ሴት የምናዘው፣ ፕሮግራሙን «ንገረው» ነው «ንገሪው» ነው የምትዪው ብለን ስንጣላ እንኖር ነበር።

ብቻ «ኮምፓይል አደረግኩ» ብለሽ ተዪው። አማርኛ የውጭ ቃልን በ«አደረገ» እና በ«ሆነ» እየተሸከመ ነው የሚኖረው፣ አያፍርበትም። እዚህ ላይ ጠቃሚ ልዩነት አለ፦ «ኮምፓይል አልተደረገም» ስትዪ ገና ማንም አልነካውም፣ «ኮምፓይል አልሆነም» ስትዪ ግን ተሞክሮ እምቢ ብሏል። የስህተት መልእክት የምትጽፊ ከሆነ ሁለተኛውን ነው የምትፈልጊው። ከዛ በፊት ግን እውነት ኮምፓይል አድርገሽ እንደሆነ እዪው፣ ኦሳስክሪፕት ተራ ጽሑፉንም ብትሰጪው እዛው ራሱ ኮምፓይል አድርጎ ያስኬደዋል፣ የተለየ ፋይል ካላወጣሽ «ኮምፓይል አድርጌ» ማለትሽ ያልሰራሽውን ሥራ መቁጠር ነው።

እንግዲህ ፋይሉን አውጥተሽ ከሆነ እንዲህ በዪ፦ «አፕልስክሪፕቱን ኮምፓይል አደረግኩትና ፓይተኑ እንዲያስኬደው አደረግኩ»። ሁለቴ «አደረግኩ» ከከበደሽ መጨረሻውን «ፓይተኑ ያስኬደዋል» አድርጊው፣ ለመመሪያ እንደውም እሱ ይሻላል። «ፓይተኑ» ስትዪ ያንቺን ፋይል፣ «ፓይተን» ስትዪ ቋንቋውን ነው፣ እሱን አትደባልቂ። ሲበዙ ደሞ «ስክሪፕቶች» እንጂ «ስክሪፕትሶች» አይደለም፣ ምንም እንኳን «መምህራኖች» የሚል ሕዝብ «ስክሪፕትሶች»ን ለመውቀስ ብዙ አፍ ባይኖረውም። አለቃሽ «አጠናቅሬ» ላይ ድርቅ ካለ ይሁንለት፣ ለሱ ሥራ አትልቀቂ፣ «ውስጥ ሆኜ»ን ግን ዛሬውኑ አውጪልኝ።